የአንድ ቁልፍ ዕዳ

ማክሰኞ ማለዳ፣ የሱቄን መጋረጃ ገና ሳልሰበስብ፣
ሳጅን አስማማው መጣ፣ የያዘው ፌስታል ውሃ ሲያንጠባጥብ።
"ከገበያው ልብስ ሰፊ ያልጠየቅኩት አንተን ብቻ ነው፤
ዓይንህን አልፈልግም፤ በጣትህ አንብበህ ንገረኝ፣ ይህ የማን ነው?"

ሰማያዊ ቀሚስ።

እንድሪስ ነው ያገኛት፣ በደንገል ታንኳው፣ ሊነጋጋ ሲል፣
መረቡ ሲከብደው አምባዛ መስሎት "ዛሬስ ቀናኝ" ሊል።
ጎተተ፤ ፀጉር አየ። ከዚያ ወዲህ ዓሣ አይቀምስም፤
ስለ እሷ ሲጠየቅም፣ "ቀለለችኝ" እንጂ ሌላ አይልም።

የሆስፒታሉ ወረቀት፦ "ሴት። ከሠላሳ እስከ አርባ። ስም፦"
ከዚያ ወዲያ ያለው ነጭ ነው፣ ቀለም አልነካውም።
አንገቷ ላይ ማተብ የለም፤ ውሃው በጥሶት ይሆናል፤
ቄሱ "የእኛ ትሆን?"፣ ሼኹም "የእኛ ትሆን?"፤ ጉድጓዱ ይጠብቃል።
አንዲት እናት ከዘጌ በጀልባ መጣች፣ ፊቷን ገልጠው አሳዩአት፤
"አይደለችም" አለች። ደስ አላት።
ደስ ስላላት እንባ ቀደማት።

ጣቴን በጠርዙ ሰደድኩት። ሁለት ጊዜ ታጥፏል፤
ከእሷ ከምትረዝም ሴት ወርዶ ደርሷታል፤
እህት ትሁን እመቤት፣ ክር ይህን አያወራም።
ያጠፈችው ግራኝ ናት፤ መርፌዋ አልቸኮለም፣ ቀጥም አላለም፤
ሰማያዊ ብታጣ በአረንጓዴ ክር ዘመዘመችው፣
እንዳይታይባት ወደ ውስጥ መልሳ ደበቀችው።
ከወገቡ በታች የምስጢር ኪስ አለ።
"ከዚያ ውስጥ ቁልፍ አገኘን" ሳጅኑ ቀጠለ።
እኔ የልብስ መስሎኝ! የበር ኖሯል፣ የጓጉንቸር፤
ደረት መዝጊያውንም ደጅ መክፈቻውንም በአንድ ስም የሚጠራ አገር።

ከዚያ ወደ ደረቱ ወጣሁ። እጄ ቆመ።

አራቱ ነጭ፣ ባለ አራት ቀዳዳ።
አምስተኛው ቡኒ፣ ባለ ሁለት፣
ጠርዙ የተሸረፈ፤ ከቆርቆሮዬ ፈልጌ ያወጣሁት፣ በጥቅምት፣
እኔው ነኝ። "ተመሳሳይ የለኝም" ብላት፣ "ይዝጋ እንጂ! ብርዱ ነው" አለች፤
እንደለበሰችው ሰፋሁላት፤ መርፌው እንዳይወጋት ትንፋሿን ዋጥ አደረገች።
"ሁለት ብሩን ነገ።"

የዕዳ ደብተሬን ገለጥን፣ ሁለታችን አጎንብሰን።
ሰው በስሙ አልጽፍም እኔ፤ በልብሱ ነው የማውቀው ሁሉን።
"ቡኒ ኮት፦ አሥር። አበባ ሻሽ፦ አምስት። የተቀደደ ሱሪ፦ ስድስት።"
ከሥሩ፣ በእኔው ጠማማ ፊደል፦ "ሰማያዊ ቀሚስ፦ ሁለት።"
ሳጅኑ ሦስቴ አነበበው፤ ከቃሉ ጀርባ ሌላ ቃል ያለ ይመስል።
"ስሟን ብትጠይቃት ምን ነበረበት?" ቢለኝ ይቀለኝ ነበር፤
አላለኝም።

ሐሙስ በማዘጋጃ ቤት ቃሬዛ ወሰድናት፤
አራት ነን፦ እኔ፣ ሳጅኑ፣ እንድሪስ፣ ያቺው የዘጌዋ እናት።
"ስመ ክርስትናዋ?" አሉ ቄሱ።
እርስ በርስ ተያየን። እንድሪስ ቀስ ብሎ መዳፉን ዘረጋ።
ሴትዮዋ ግን የምትጠራው ስም ብታጣ፣ ደረቷን እየመታች፣
"የሰው ልጅ! ኧረ የሰው ልጅ!" እያለች አለቀሰች።

ሳጅኑ አሁንም ከሥራ ሲወጣ ቁልፏን ይዞ ይዞራል፤
ሽንብጥ፣ ቀበሌ አሥራ አራት፣ የኪራይ ቤት ባለበት ይሞክራል፤
ውሻ ይጮኽበታል፣ አከራይ ይሰድበዋል።
ትናንት ማታ የቆለፍኩትን ሱቄንም ያዘ፣ "ላዳርስ ብዬ ነው" አለኝ፤
እንዲከፍት ነው፣ እንዳይከፍት? የራሴ ምኞት ጠፋኝ።
ቁልፉ ገባ። አልዞረም።

ሁለት ብሯን እስካሁን አልሰረዝኩም።