መቶ ሠላሳ ስድስት ባዶ ቤት

ከኋላ ነው የምቆመው፤ ከትልቁ ከበሮ ጋራ፣
ስሜ ከወረቀቱ ግርጌ፣ ከሁሉ በኋላ የሚጠራ።
ሥራዬ መቁጠር ነው። ሌላው ሲስቅ፣ ሌላው ሲያለቅስ
እኔ ቁጥር አላምጣለሁ፣ ተራዬ እስኪደርስ።

ሙሄ አስፋውን የማውቀው ከፊቱ በፊት በእጁ ነው፤
ግራው ሲከፈት ድምፅ ያለው፣ ሲጨበጥ ዝም የሚለው።
ደሴ፣ ፖሊስ ማርሽ ባንድ ገባ በአሥራ ስድስት ዓመቱ፣
ጡሩምባው ይከብደው ነበር፣ ቆቡ እየወረደ በፊቱ።
ከዚያ ሶፊያ፣ ስድስት ክረምት፤ በረዶና ጎመን ሾርባ፤
አንድ ቀጭን ዘንግ ይዞ በኮምቦልቻ በኩል ገባ።

አክስቱ ዘይነባ ሻንጣውን ፈትታ፣ ዘንጉን አየችና፦
«ይህን ብቻ? ስድስት ዓመት? ምን ትመታበታለህና?»
«አልመታበትም።» «ትነፋዋለህ?» «አልነፋም፤ እመራለሁ።»
«አሃ! እንደ ፒያሳው ትራፊክ። እሱስ ደመወዝ አለው፣ አውቃለሁ።»

ሳቀ። ግን በልምምድ ደክመን፣ ቫዮሊኖች ሲጋጩ፣
ቼሎና ጡሩምባ መንገድ ተሻምተው ሲፋጩ፣
«ትራፊኩ መጣ» ይላል፣ ዘንጉን አግድሞ በአየር፤
አርባ ሰው ጸጥ። የሚሰማው የግድግዳው ሰዓት ነበር።

ውጭ አገር ኦፔራ ሲመራ መቆሚያው ጉድጓድ ነው፣ ከመድረክ ሥር፤
አበባ ለሌላ ሲወረወር እሱ የሚያየው እግር።
«በሳምባ የምትሞት ሴት» ይላል፣ «ሰማንያ ምሽት ገደልኳት፣
በጣሊያንኛ። እኔ ግን ስታጣጥር በባቲ ነበር የሰማኋት።»

በዚያው ሰሞን ጀመረ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጻፈው፤
ሲያገባ፣ ሲፈታ፣ ሲታመም፣ ሲቀድ፣ መልሶ ሲለጥፈው።
የሰኞ ገበያ ነው፤ ባቲ፣ ከነጋ እስከ መሸ፤
ደላላው በወፍራም ድምፅ ይዘፍናል፣ እየማለ፣ እየዋሸ፤
አፋሩ በግመሉ አንገት፣ ኦሮሞዋ በቅቤ ቅል፣
ወረባቦው በእህል ጆንያ፣ ሁሉ ዋጋውን በዜማ ሲል።

በሦስተኛው ክፍል አንዲት ሴት ባሏን ትጠብቃለች።
ቅፍለቱ ይገባል። አንዷ ግመል ጫኝም ጭነትም የላት።
ከዚያ ለኔ መቶ ሠላሳ ስድስት ባዶ ቤት፤
ከዚያ አንድ ምት።
የባዶዋ ግመል ጉልበት መሬት የነካበት።

«ሁለት ይሁንልኝ» አልኩት፤ «አንዱ ሳይሰማ ያልፋል።»
«ሁለት ከሆነ» አለኝ ሙሄ፣ «ወሬ ነው። አንዱ ይበቃል።»

ደሴ፣ አይጠየፍ አዳራሽ። እንደ ስሙ አልተጠየፈ፤
ባለ ጋቢው፣ ባለ ሽርጡ፣ ተማሪው ደጅ ተሰለፈ።
ዘይነባ ፊት ተቀምጣ፣ ዐይኗ ከዘንጉ አይነቀል፣
«ማንም እንዳይጥስበት» ለጎረቤቷ ስትል።

መቶ ሃያ። መቶ ሃያ አንድ።
ሴትየዋ ድምጿን አቅጥና ሽቅብ ይዛው ትወጣለች።
መቶ ሠላሳ አራት ላይ
ከአረብ ገንዳ አዛን ተነሣ። የመግሪብ።
በመስኮት ገባ፤ ያለ ኖታ፣ ያለ ፈቃድ፣
ቦታውን የሚያውቅ ሰው ቤቱ እንደሚሄድ።

ሙሄ አልቸኮለም። ግራ እጁን ከፍ አድርጎ ያዘ፤
ዜማው በእንጥልጥል ቀረ፤ ቀስቱ ካለበት ፈዘዘ።
እኔም መቁጠር ተውኩ። በዚያ ሁሉ ዘመን ሥራዬ
መጀመሪያ ያን ማታ ሰማ፣ ከቁጥር ያረፈ ጆሮዬ።
የመጨረሻው ቃል አልቆ፣ ማሚቶው ጦሳ ሲደርስ፣
ግራ እጁ ወደ እኔ ዞረ፤ ውኃ እንደያዘ፣ እንዳይፈስ።

መታሁ።

በማግሥቱ ኖታዬ ላይ፣ በቀይ እርሳስ፣
ዐይን የመሰለች ምልክት። ከሥሯ፦ «እስኪያበቃ ጠብቅ።»
ማን እስኪያበቃ እንደሆነ አልጻፈም።

ሙሄን ከቀበርን ስድስት ዓመት። ዘንድሮ ኮምቦልቻ፣
አዲስ አዳራሽ፤ ግድግዳው ወፍራም፣ የሚሰማው የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ።
ወጣት መሪ፣ ጥሩ ልጅ፣ ሰዓት አክባሪ፣
በእርሳሱ ጫፍ ነካት፦ «ይህች ዐይን ለስንት ነው? ለሦስት? ለአራት?»
«ስትደርስ እኔን እየኝ» አልኩት።

ደረስን። እጁን ሰቀለ። እኔ ዐይኔን ጨፈንኩ፤
አርባ ሰው ትንፋሹን ይዞ፣ አንዲት ሴት አፏን ከፍታ፣
ከሩቅ የሚመጣውን ጠበቅሁ። መጣ። አለፈ።
መታሁ።

«ስንት ነበር?» አለኝ በኋላ፣ እርሳሱን አሹሎ።
«እኔ እንጃ፤ አልቆጠርኩም።»