የሰኔ ሚካኤል ትልም

ያየሁት እኔ ነኝ፤ የነገርሁም እኔ፣
ባሥራ ሁለት ዕለት፣ በሚካኤል፣ በሰኔ።
ከዝክር ስመለስ፣ ሆዴ ጠላ ሞልቶ፣
ጋቢዬ በእንዶድ ታጥቦ እንደ ጉም ነጥቶ፣
ከኩታበር ማዶ፣ ከወንዙ አፋፍ ላይ፣
የጅራፍ ድምፅ ሰማሁ፤ ቆም ብዬ ዞርሁ፣ ላይ።

እርገጤ ነው።
ያባቴ የክርስትና ልጅ፣ ያጥሬ ጎረቤት፣
እርፉን ጨብጦ ያርሳል በታቦቱ ዕለት።
ማሳው የሱ አይደለም፤ የእትዬ ዘሀራ ነው፤
አምና ባሏን ቀበረች፣ ዘንድሮ አንዱን በሬ ገደል በላው።

እሱን አላሰብሁም። ያሰብሁት በረዶ።
የበልግ ገብሴ ነው የታየኝ ታጭዶ፣
ማጭድ ሳይነካው፣ በሰማይ ናዳ ታርዶ።

ሮጥሁ።
ነገርሁ ለዳኛው፣ ለሰንበቴው ሙሴ፣
ለቀበሌው ዘበኛ፣ ለሚስቴ፣
መንገድ ላይ ሰው ባጣ፣ ደግሜ ለራሴ።

በማግስቱ ዋንዛው ሥር ሸንጎ ተቀመጠ፤
መሪጌታ እምሩ ባንድ ድንጋይ፣ ሼህ ኑርዬ በሌላው።
አራሹ የዚያ ወገን፣ ማሳው ደግሞ የዚህ፤
ዳኝነትም እንደ በሬ ይቀናጃል እዚህ።

«ለምን አረስህ?» አሉት።
እርገጤ ዱሮም ቃሉ አጭር ነው፤ ቆቡን አወለቀ።
«ዝናቡ መጣ። አፈሩ ሦስት ቀን ነው ዕድሜው፤ ባራተኛው ደረቀ።
የራሴን ማሳ ትቼዋለሁ፤ በዓሌ ነው፣ አከበርሁ።
የሷን ግን ምን ብዬ ላሳድር? በዓሉ የሷ አይደለም አልሁ።
በሬው አንዱ የኔ፣ አንዱ የሷ፤ ተቀናጅተን እናርሳለን፤
አንዱ በዓል ያክብር፣ አንዱ ይረስ ብለን ቀንበሩን እንፈልጣለን?»

ሰዉ ሳቀ። መሪጌታ አልሳቁ።
«ሥርዓት ሥርዓት ነው» አሉ፤ «አንድ ቁና ስንዴ ለቤተ ክርስቲያን ያግባ።»
ከዚያ ወደኔ ዞሩ፦ «አንተስ፣ ጋቢ ለባሹ፣ ስታየው ምን አደረግህ?»
«ለሙሴው ነገርሁ።»
«ከዚያስ?»
«ለዳኛው።»
«ከዚያስ?»
ዝም አልሁ።
«እሱ አንድ ማሳ አረሰ። አንተ ስንት ቤት አረስህ?
ምላስም እርፍ አለው ልጄ፤ በሚካኤል ዕለት ሰው ላይ ነድተህ ዋልህ።»

ሼህ ኑርዬ ሙስበሃቸውን ቆጥረው ሲጨርሱ፣
«ግማሹ ማሳ ቀርቷል» አሉ፤ «ይኸ ሰው ያርሰው፣ ነገ ሳይነጋ ይነሡ።
ዝክር ትላላችሁ እናንተ፤ ዚክር እንላለን እኛ፤
ማስታወስ ነው ፍቺው። ዘሀራን ማን አስታወሰ፣
ከእርገጤ በቀር፣ ከናንተም ከኛ?»

አረስሁ።
በሬዎቹ እጄን አያውቁትም፤ ትልሜ ተወላገደ፣
ላቤ ካንገቴ ጀምሮ እስከ ጉልበቴ ወረደ።
እትዬ ዘሀራ ውሃ በቅል፣ ቆሎ በእፍኝ ይዛ መጣች፤
«አብሽር፣ ያንተ ሚካኤል ይጠብቅህ» አለች።
ቅጣት መሆኑን ታውቅ እንደሁ፣ ድምጿ አልነገረኝም፤
እኔም ቀና ብዬ ዓይኗን አላየሁም።

ኅዳር ደረሰ። ኅዳር አሥራ ሁለት፣ ሌላው ሚካኤል።
ከዚያ ማሳ ጤፍ ላከች ለዝክሩ፣ በልጇ ትከሻ ጭና፣
የእርገጤ ቅጣት ልክ፣ ያው አንድ ቁና።
ማንም ቃል አልተነፈሰ።
በላን። እኔም በላሁ፤
ጉርሻው ጉሮሮዬ በር ላይ ጥቂት ታገሠ።

ከዚያ ወዲህ ማሳው ስንቴ ታርሷል፣ ስንቴ ተዘርቷል፤
የሱን ትልም ከኔ ትልም ሌላ ዓይን አይለየውም፣ ጠፍቷል።
እኔ ግን ሰኔ በመጣ ቁጥር፣ ከዝክር ስመለስ፣
ካፋፉ ላይ እቆማለሁ፤
ቀጥ ያለውን ከጠመመው፣ እስካሁን እለያለሁ።
ጋቢዬ ነጭ ነው።
እጄን አወጣና አያለሁ።