የራግና የቤት ሥራ

ቫርዶ ላይ በታኅሣሥ ፀሐይ መስኮት አትመታም፤
የግንባር ቋጠሮ በአምፖል አይፈታም።
“የዛሬው የቤት ሥራ፣” አለች መምህርት ራግና፣
“ለአንድ ሰው ፈገግ በሉ፣ ቤት ሳትደርሱ ገና።”

ሲቨርት ግን አፈረ፤ የፊት ጥርሱ የለም፤
ለድመት ፈገግ ቢል፣ ድመት ሰው አይደለም።

ቶርዲስ፣ የአውቶቡሱ ሹፌር፣ ዓመት ሙሉ
ሰላምታ አትመልስም፣ ልጆቹ እንዳሉ።
ወጣና አሳያት ያንን ባዶ ድዱን፤
ምንም ቃል ሳትመልስ ቀጠለች መንገዱን።

በማግሥቱ ዘግይቶ ሮጠ በበረዶ፤
አውቶቡሱ ቆሟል፣ ሰዓቱ ግን ነጉዶ።
“ግባ፣ ብርድ አታስገባ!” አለች ኮስተር ብላ፤
ሄዶ ተቀመጠ፣ ከሰው ሁሉ ኋላ።
በመስተዋቱ ውስጥ ፈገግ ስትል ታየች፤

ለካ እሷም እንደሱው ጥርሰ ወላቃ ነች።