በፖስታ ጀርባ ላይ

የስተርችሊ የማለዳ አውቶቡስ ቀረ፣ መሥመሩ ተሰርዞ፤
ማስታወቂያው ምሰሶው ላይ፣ በበርሚንግሃም ዝናብ ደብዝዞ።
የሆስፒታል አንሶላ ግን "አውቶቡስ ቀረ" አይልም፤
አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ካልገባሁ ማጠቢያው አይዞርም።

ሃምሳ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ብስክሌት ገዛሁ፣ ያገለገለ፤
ቀለሙ አረንጓዴ፣ ደወሉ ጉንፋን የያዘው፣ ኮርቻው ለቁመቴ ከፍ ያለ።
ልጄ ስልኩን ዘረጋልኝ፤ "ይኸው እማዬ፣ ሃያ ደቂቃ፤
ሰማያዊውን መሥመር ይዘሽ በፐርሾር ጎዳና መሄድ ነው፣ በቃ።"

"በቃ" ማለት ቀላል ነው። ስልክ የጭነት መኪና ትንፋሽ አያውቅ፣
ክርኔን ታኮ ሲሮጥ፣ ነፋሱ እጀታውን ከመዳፌ ሲነጥቅ።
አደባባዩ ጋ ስደርስ እግሬ አስፋልቱን ረገጠ፤
ከኋላዬ የመጣ ጡሩምባ ጆሮዬን ላጠ።
ብስክሌቴን እንደ ሰከረ ባል ደግፌ ወደ ቤት መለስኩት፤
ከመተላለፊያው ግድግዳ አቁሜ ሁለት ሳምንት ረሳሁት።
ረሳሁት እንኳ ውሸት ነው፤ ኮት ሰቀልኩበት።

ከአጥሩ ማዶ ሚስተር ፒኖክ፣ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት በፔዳል የዞረ፣ የሰፈሩ መንገደኛ፣
አሁን ጉልበቱ የከዳው፣ የመስኮት ዳር ቁራኛ፣
ጠራኝ። "ግሌኒስ፣ እስቲ ንገሪኝ፤ በየት በኩል ነው የሄድሽው?"
ነገርኩት። ሳቀ። "እሱማ የመኪና ነው፤ ያንቺን መንገድ መቼ ፈለግሽው?"

የመብራት ሒሳብ የመጣበትን ፖስታ ገለበጠ፤ እርሳሱን በምላሱ አርሶ፣
ከጓሮዬ በር ጀመረ፤ አንዴ ሰርዞ፣ አንዴ መልሶ፦

"የጥጉን ቤት እለፊ፤ ውሻው ይጮሃል እንጂ አይነክስም፤
ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ወደ ቀጭኗ መተላለፊያ ግቢ፣ መኪና እዚያ አይደርስም።
ትምህርት ቤቱ ጋ በጠዋት ሰው የለም፤ ስትመለሺ ግን ተጠንቀቂ፣
ልጆች እንደ ባቄላ ይፈሳሉ፤ ውረጂና በእግርሽ ጠብቂ።
ከዚያ የቦዩ ዳር ነው። ጠባብ ነው፣ ከድልድዩ በታች ጨለማ፤
ደውዪ፣ ጎንበስ በዪ፣ ቁሚ፤ የሚመጣ ካለ ኮቴው እንዲሰማ።
የቸኮሌት ሽታ ሲመጣ፣ ግማሹ አለቀ ማለት ነው።"
"ስንት ደቂቃ ይፈጃል?" አልኩ። "አርባ። ግን አርባውም ያንቺ ነው።"

እሑድ ነው የሞከርኩት፤ ሥራ በሌለበት፣ መውደቅ በማያስረፍድበት ቀን፤
ውሻው ጮኸ፣ ዳቦው ሸተተ፤ እኔና ብስክሌቴ መተማመን ጀመርን።
ቦዩ ላይ፣ በቆመች ረጅም ጀልባ ጣራ፣ ድመት ተኝታ ነበር፤
ቀና ብላ አየችኝ፤ የሚሸሹት ነገር አልመሰልኳትም፣ ተመለሰች ከእንቅልፍ ዳር።
የቸኮሌቱ ሽታ መጣ። እውነት ነው። እግሬን አቁሜ ሳቅኩ።
ዳክዬዎች መንገድ ዘግተው ሲያዘግሙ፣ እንደ ሹም ዘበኛ ጠበቅኩ።

ግን ከሁለተኛው ድልድይ ወዲያ፣ እሱ "በደረጃው ውጪ" ባለበት፣
አጥር ነው የጠበቀኝ፤ አዲስ ቤቶች ተሠርተውበት።
ደረጃው የለም። ፖስታውን አገላበጥኩ፤ ሌላ መሥመር አልነበረውም፤
የፐርሾር ጎዳና ድምፅ ከሩቅ ጠራኝ፤ አልሄድኩለትም።
ወደ ኋላ፣ እየገፋሁ፣ ከጡረተኞቹ የጎመን መደብ አጥር
አንዲት የጠጠር መንገድ አገኘሁ፣ ቀስ ብላ ወደ ሆስፒታሉ የምትዞር።

ሃምሳ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ላብ፣ የተጫረ ቁርጭምጭሚት፤
ጡሩምባ ግን አንድም የለ። ዘበኛው "እሑድ ነው እኮ!" አለኝ በግርምት።

ማታ መስኮቱን አንኳኳሁ። "ደረጃው ፈርሷል" አልኩት።
ዝም አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት የወጣውን፣ አንድ በአንድ ሲወርደው አየሁት።
ደብዳቤ ያደረሰባቸው በሮች ስንቶቹ ይሆኑ አብረው የሄዱ?
ጣቱ ፖስታው ላይ ቆመ፣ መሥመሩ ከሚቀርበት፣ ከመንገዱ።
ከዚያ እርሳሱን አነሳና፣ በምላሱ አርሶ፣ ዘረጋልኝ፤
"በይ" አለ፣ "አንቺ በየት ሄድሽ? ከጎመኑ ጀምሪና ሣዪልኝ።"