ሲሦ

"ኪሎሽ ስንት ነው?" አልኳት።
ለሴት እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠየቅም፤
ሞላ ግን ይሉኝታ አያውቅም።

ሞተሩ የወንድሟ ነው፤ መቶ ዐሥራ ሁለት ኪሎ፣
በሳቁ ብቻ ጎማ የሚያስተነፍስ ሰው፤
አግብቶ ለስላሳ ወንበር ወደደና
አሸዋውን እርግፍ አድርጎ ተወው፤
ቁልፉን ለእህቱ ወረወረው።

ሞዛ ስትወጣበት ሞላው ከቁብ አልቆጠራትም፤
እንደ ኮራ በቅሎ ቀጥ ብሎ ቆመ እንጂ ጀርባውን አልሰጣትም።
"ጠጠር ባየ ቁጥር" አለች፣ "ከኮርቻው ይነቅለኛል፤
አንቺ ደግሞ ማነሽ ይለኛል።"

ሻርጃ፣ ሰናዒያ ዐሥር፤ ሙቀቱ አርባ አራት፤
ቁርጥራጭ መዳብ ከሚመዝነው ከጉልዛር ሚዛን ላይ አወጣናት፤
ቦቲዋን ሳታወልቅ፣ ሄልሜቷን እንደ ሐብሐብ ታቅፋ፣
ስድሳ አራት።
"መዳብ ብትሆኚ" አላት ጉልዛር፣ "ዛሬ ሱቄን ዘግቼ አገሬ እገባ ነበር።"
ቀጥሎ ሻንጣዎቹ፤ ድንኳን፣ አካፋ፣ ሃያ ሊትር ውኃ፣
ከነቴምሩ ሠላሳ አንድ።

ኮምቦልቻ ሳለሁ ሥራው ቀላል ነበር፤
አይሱዙው ከጎበጠ አንድ ቅጠል ሞላ መጨመር፣
ደግሞ ከጎበጠ፣ ደግሞ አንድ መጨመር።
ጋሽ አምባዬ "ደርብበት!" እንጂ "ለካው" ብለውኝ አያውቁም።
መለካትን ያሳየኝ ቢጁ ነው፣ ይኼ የኬረላ ሰው፣
ሦስት ጣቱን ዘርግቶ አንዱን እያጠፈው፤
ከሞላው ጉዞ ሲሦው ለተሳፋሪ፣ ቀሪው ለመንገዱ።
ወዲያው ገባኝ፤
ሲሦ ለቀዳሽ፣ ሲሦ ለነጋሽ፣ ሲሦ ለአራሽ
ሲባል እየሰማሁ አይደል ያደግሁት?
ሃያ አንድ ሳንቲም ይወርዳል፤ ሰባቱ የሞዛ ድርሻ።
ምንም ካልሰጠ ይነጥራል፤ ሁሉን ከሰጠ
ጉድጓድ ሳያስጠነቅቅ ግብር ሊያስከፍል ሲመጣ
ባዶ እጁን ይጠብቀዋል።

የወንድሟን ሞላ አወጣሁት፤ አውራ ጣት የሚያህል ብረት፤
በቀጭን ተካሁት።
ፎርኩን ስከፍተው ዘይቱ ጠቁሯል፣ የከረመ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤
አዲሱን በመስፈሪያ አጠጣሁት።
ከዚያ ካቻቢቴ፤ እስኪጠብቅ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ፣
ትንፋሼን ይዤ ስቆጥር፤
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ...
መውረጃው ዐሥራ ሁለት፤ መመለሻው ዘጠኝ።
መመለሻው ነው ተንኮለኛው።
ከፈጠነ ይወረውራል፤ ከዘገየ
ካለፈው ጉብታ ሳይነሣ የሚቀጥለው ይደርስበታል።

ልፈትሸው ወጣሁ፤ ከመጋዘኖቹ ኋላ አራት ጉብታ አለ።
የሰው ሞተር ስፈትሽ ሁልጊዜ ያው ነው፤
ለሌላ ትከሻ የተሰፋ ኮት፣ ወይ ይጠባል ወይ ይሰፋል።
አንደኛውን አለፍኩ፤ ሁለተኛውን፤
አልሰማሁትም።
እኔም እኮ ስድሳ አራት ነኝ!
ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ልክ ስለካ፣
የራሴን ልክ አንድ ቀን አልሞከርኩም ለካ።

አራተኛው ጋ መዞር ነበረብኝ።
አልዞርኩም።
ከሲሚንቶው ፋብሪካ ወዲያ አስፋልቱ ያልቃል፣ ጠጠሩ ይጀምራል፤
ቆሜ ነዳሁ፣ ጉልበቴ ከሞላው ጋር እየታጠፈ፣
ዐሥራ አንድ ደቂቃ።
"የት ጠፋህ?" አለ ቢጁ።
"አመላለሱን" አልኩት፣ "እያስተካከልኩ ነበር።"

ከማስረከቤ በፊት ፎርኩ እግር ላይ
ነጭ የፕላስቲክ ማሰሪያ አሰርኩ፤
ፎርኩ ሲወርድ ይገፋታል፣ ሲመለስ እዚያው ትቷት ይመለሳል።
ሐሙስ ማታ ወደ ሊዋ ወጣች።

እሑድ መጣች፤ ቅንድቧ ሳይቀር አሸዋ ለብሶ፤
ስለ አሸዋው ተራራ፣ በሌሊት ድንኳኗን ስላሸተተው ቀበሮ ታወራለች፤
እኔ ተንበርክኬ ማሰሪያዋን አያለሁ።
"አንድ ጣት ቀርቶታል" አልኳት።
"ይበቃል?"
"ይበቃል።"
እግሩን በጨርቅ ጠረግሁና
ማሰሪያዋን ወደ ቦታዋ መለስኳት።