የትከሻ ልክ

እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በሌሊት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት፣ አንዳንዴ አሥር፤
ቧንቧው ሲያስነጥስ እነሣለሁ፣ ጀሪካኖቼን ልደረድር።
ከዚያ የአባቴን አንሶላ አጥባለሁ፣ ጎረቤት ነቅቶ ሳያይ፣
ፀሐይ ሳሙና በር ሳትደርስ ይሰጣል ገመዱ ላይ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፣ ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ማዶ፤
አሁን ልብሱ ሁሉ ሰፊ ሆነበት፣ ገላው ከውስጡ ሸሽቶ ሄዶ።
ሱሪውን አጥባለሁ፤ ሱሪውን አጠብባለሁ፤
በወር በወር ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ እበሳለሁ።

ለቁስቋም ተሰበሰብን፤ ደርበው ከመተማ፣ ስንዱ ከአዘዞ፣
እንየው ከባሕር ዳር፣ ሁለት ስልክና አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዞ።
«የዕድሩ መዋጮ እንዳይቋረጥ፤ ድንኳኑን ለእኔ ተዉት» አለ፤
ስንዱ የሐውልቱን ድንጋይ፣ ደርበው ሰንጋውን ቻለ።
አባቴ ጥግ ተቀምጧል፣ የጋቢውን ጥለት እየዳሰሰ፤
«የማሽን ነው» አለ ለራሱ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ መለሰ።
«ሌሊት ሌሊትስ ማን ይነሣል?» ብል
ሁሉም ስልኩን ያይ ጀመር፤ የእንየው መኪና መንገድ ዘግቷል።

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለው ሽማግሎች ሲመርቁት
አንድ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ ሁለት ናቸው ለካ፣ ሲያዩት።
ቀባሪው ሦስት ሆነ፣ እግዜር ይስጣቸው፤
ጧሪዋ መኪናው እስኪርቅ በር ላይ ቆማ ሸኘቻቸው።

አልዋሽም፣ ባለፈው ማክሰኞ ጮኽሁበት፤
የታጠበው ሳይደርቅልኝ የተነጠፈው ራሰበት።
እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ሰበረና፣
«ይቅርታ እመቤት፣ ዘገየሁብሽ፤ መብራት እየጠፋ ነውና፤
ለቅዳሜ ይደርስልሻል።»

ከትራሱ ሥር ሜትሩን አወጣ፤ ቁጥሩ ከጠፋ ቆይቷል፤
ጣቱ ግን አልረሳም፣ ትከሻዬን ከጫፍ ጫፍ ለክቷል።
«ግራሽ ዘንበል ብሏል» አለኝ፣ «ከባድ ነገር ትሸከሚያለሽ።
ግድ የለም፣ ውስጡን ስፖንጅ አደርጋለሁ፤ ሰው ሳያውቅብሽ ትለብሻለሽ።»

ቀብድ አሥር ብር ሰጠሁት፤ እጥፍ አድርጎ ኪሱ ከተተ።
«ማን ልበል?»
«ይታይሽ።»
«የኔም ልጅ ይታይሽ ናት» አለኝ፣
«ሥራ በዝቶባት ነው፤ ጠፋች።»

ውጭ ቧንቧው አስነጠሰ።