አንቀጽ ዐሥራ አራት

ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ከዘንባባው ሥር፣
ጃንጥላ ዘርግቼ፣ በገጽ ሠላሳ ብር
የሰው አቤቱታ እጽፋለሁ፤ የአጥር፣
የወሰን፣ የውርስ፣ የተካደ ብድር።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ትሁኔ ደረሰች፣
ዓሣ አድራቂዋ፣ ከሐይቁ ዳር መጣች።
ፌስታሏን ፈትታ አንድ ውል አወጣች፤
ማህተሙ የበዛ፣ ፊደሉ የደቀቀ፣
ከእጅ እጅ ሲዘዋወር ጥጋጥጉ ያለቀ።

መቶ አርባ ኩንታል የጣና ዓሣ ቋንጣ
መተማ ኬላ ላይ ሸራው ሥር ተቀጣ።
ከዚህ ያለው ማህተም ከዚያ አይታወቅም፤
ከዚያ የሚጠየቅ ከዚህ አይታተምም።
ገዢው ዐብዱልባቂ፣ የገዳሪፍ ነጋዴ፣
«ቀብዴን መልሽ» ይላል፤ እሷም «በምን ዘዴ?
ዓሣዬን ጫንኩልህ፣ መዝኜ፣ በደጄ፤
ኬላ ላገተውን እኔ ልክፈል እንዴ?»

«አንብብልኝ» አለች፣ «ጠብ ሲነሣ ምን ይላል?»
ዐሥራ አራተኛው ላይ እንዲህ ተጽፏል፦
ጄኔቫ ነው ችሎቱ፤ ዳኞቹ ሦስት ናቸው፤
ቋንቋው እንግሊዝኛ፤ ግማሹ አበላቸው
ነገሩ ሳይሰማ ይድረስ ከእጃቸው።

«ጄኔቫ የት ነው እሱ?»
«ሐይቅ ዳር ነው» አልኳት፤
ሌላ ስለማላውቅ ያወቅሁትን ነገርኳት።
«ዓሣስ አለው ሐይቁ?»
«ይኖረዋል» አልኳት።
ዝም ብላ ቆየችና፣
«እንግዲያስ» አለች፣ «ሽታውን ያውቁታል።»

አምና እዚሁ ሐይቅ ዳር፣ ከትልቁ ሆቴል፣
የንግድ ድርድር ሲባል፣ ካርድ አንገት ሲንጠለጠል፣
ቃለ ጉባኤ ልጽፍ እኔም ተቀጥሬ፣
አንዲት ሐረግ አለች እንደ ዓሣ አጥንት
ጉሮሮዬ ላይ የቀረች እስከ ዛሬ፦
«እጅግ የተወደደች አገር» የምትል ሐረግ።
«ማናት?» ብዬ ጠየቅሁ። «ሁሉም» አሉኝ፣ «በሕግ።
ለአንዱ የሰጠኸውን ለሁሉም መስጠት ነው።»
እኛ ቤት የተወደደ ልጅ ግን የሚታወቀው
ወጥ ሲወጣ ነው።
አልተከራከርኩም። ጻፍኩት። አበሌን ተቀበልኩ።
በመስኮቱ ማዶ አንዲት ታንኳ አየሁ፣
ከዘጌ ማገዶ እስከ አፏ ተጭና፣
ያለ አንዳች ወረቀት ታልፋለች ዝም ብላ፣ ቀና።

ይህን ሳስብ ስልኳ ጮኸ፤ ዐብዱልባቂ ነው።
«ትሁኔ፣ ዓሣው ሞተ!» (አማርኛው እንዲያ ነው።)
«የሞተ ነው የሸጥኩልህ!» አለችና ሳቀች፤
ከዚያም ሳቋን ውጣ ወደ ሐይቁ ዞረች።
ግማሹን እሱ ሊችል፣ ግማሹን እሷ፣
ተስማሙ። ግን አልበረደም ጭቅጭቋ፤
ሠላሳው ኩንታል ነው፣ ዝናብ የመታው።
በማን ቀን ዘነበ?
ካርዱ አለቀ። መስመሩም ተቆረጠ።

«ጻፍ» አለችኝ ያኔ።
«ለማን ብዬ?»
«ለማንም።
ጄኔቫን ሰርዘህ መተማ አድርገው።
ሸራው ሥር፣ በጠራራ፣ ዓሣው ባለበት፤
ዳኛው አፍንጫ ይኑረው፣
ቋንቋው የፈለገው ይሁን።»
የታተመን ውል መሰረዝ የእኔ ሥራ አይደለም።
ግን ጻፍኩላት፤ «ለ» ብዬ ጀምሬ
ቦታውን ባዶ ተውኩት።

አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ብትጫነው፣
የዓሣ ስብ አድሮበት ቀለሙን አልያዘው፤
ወረቀቱ ላይ የቀረው ክብ የቅባት ምልክት ነው።
ከሄደች በኋላ ወደ ፀሐይ ባነሣው
አሳለፈ፤
በጣቷ ልክ ሐይቁን አየሁት።

ቀጥሎ የቆመው ሰው
ስለ አጥር ነው የመጣው።